የተጣመመ ቸርኬ፦ ይቃና ወይስ ይቀየር?

ባለፈው ክረምት ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ መሽቶብኝ ነበር። ዝናቡ አባርቷል፤ አስፋልቱ ላይ ግን ውሃ ቋጥሯል። ከውሃው ስር ጉድጓድ መኖሩን ያወቅኩት ከገባሁበት በኋላ ነው። መኪናዋ ጓ ብላ ወጣች። ጎማው ስላልፈነዳ ተመስገን ብዬ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት የፊት ቀኙ ጎማ ተኝቶ አገኘሁት።

ጎሚስታው ሲፈታው ጎማው ደህና ነው። ጎማው የሚገጠምበት ክቡ ቸርኬ ግን በውስጥ በኩል ከንፈሩ (ጠርዙ) ታጥፏል። «ጋሼ፣ ችግር የለም። በእሳት አሙቄ በመዶሻ እመልሰዋለሁ» አለኝ። እሺ አልኩ። ቸርኬው አሉሚኒየም ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው የተመታበት ቦታ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ታየ። ለማቃኛ ከፍዬ፣ ለባላንስ (የጎማውን ክብደት ለማመጣጠን) ከፍዬ፣ ዞሬ ሌላ ቸርኬ ገዛሁ። ገንዘቡስ ይሁን። ያንን ስንጥቅ ይዤ የጣርማ በርን ጥምዝምዝ ቁልቁለት ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ። አሁንም ሳስበው ሰውነቴን ይሰቀጥጠዋል።

ስለዚህ ሰው «ቸርኬዬ ተጣመመ፣ ምን ላድርግ?» ሲለኝ ስለ ዋጋ ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ብረት ነው ወይስ አሉሚኒየም? የፕላስቲክ ክዳን ያለበት ቸርኬ ከሩቅ ሲያዩት ያሳስታል። ማግኔት አስጠጉበት። ከያዘ ብረት ነው።

ብረት ከሆነ

የብረት ቸርኬ ሲመታ ከመሰንጠቅ ይልቅ መታጠፍ ይቀናዋል። ሲመልሱትም ይመለሳል። ጥሩ እጅ ያለው ጎሚስታ ያለ እሳት፣ በመዶሻና በድጋፍ ከንፈሩን ያስተካክለዋል። ኮሮላ፣ ቪትዝ ወይም ታክሲ የሚነዳ ሰው ከንፈሩ ብቻ ከታጠፈበት ያቃናው። የተቃና ብረት ዓመታት ሲያገለግል አይቻለሁ።

ግን የማይቃናም አለ። ጉዳቱ መሃሉ ላይ፣ ቡሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አጠገብ ከሆነ ተዉት። ቀዳዳው ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ከሆነም፣ ዝገት ከበላውም፣ ያው ቦታ ከዚህ በፊት ተመትቶ ከነበረም እንዲሁ። ያገለገለ የብረት ቸርኬ ከአሉሚኒየሙ በጣም ይረክሳል፤ እንደ ልብም ይገኛል። እዚህ ላይ መሰሰት አያዋጣም።

አሉሚኒየም ከሆነ

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አስቡ። አብዛኛው የአሉሚኒየም ቸርኬ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። ጥንካሬውን ያገኘው ከዚያ በኋላ ፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ሲታከም ነው። የመጨረሻው ማጠንከሪያ ሙቀት ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ አይርቅም። የብየዳ ቤት እሳት ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሞቃል። አሉሚኒየም እንደ ብረት ግሎ አይቀላም፤ ስለዚህ ምን ያህል እንደሞቀ በዓይን አይታወቅም። በእሳት ሲለበለብ ያ ጥንካሬ ይሄዳል። ቅርጹ ይመለሳል፣ ከላይ ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡ ግን ደክሟል። የኔም የሆነው ይኸው ነው።

ታዲያ አሉሚኒየም በጭራሽ አይቃናም ማለት አይደለም። እጥፋቱ ትንሽ ከሆነ፣ ከንፈሩ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ስንጥቅም ከሌለው፣ ቀስ እያለ በሚጫን ማሽንና በሚለካ ሙቀት የሚሠራ ሰው ሊያቃናው ይችላል። ባለሙያውን «ሙቀቱን በምን ትለካለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚለካበትን ካላሳያችሁ ቸርኬያችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ስንጥቅ ካለው ውይይት የለም፤ ይቀየር። ከመሃሉ ወደ ጠርዙ የሚዘረጉት ክንዶች ከታጠፉም ይቀየር። «በአርጎን እንበይደዋለን» የሚላችሁ አይጠፋም። ብየዳው ንፋስ እንዳያስወጣ ያደርግ ይሆናል። ግን በብየዳው ዙሪያ ያለው አሉሚኒየም ይደክማል፤ ቀጣዩ ስንጥቅ ከዚያ ይነሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። በመሃል ያለው ጣርማ በር ጉሙና ጥምዝምዙ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ፊት ጎማዎች ላይ ይወድቃል። የተበየደ ቸርኬ እዚያ ላይ እንዲፈተን አልፈልግም፤ የኔም የማንም።

  

ሂሳቡ

ማቃናት ሲታይ ርካሽ ነው። ግን የማቃኛውን ብቻ አትቁጠሩ። ባላንስ አለ፤ ጎማ ማውለቅና መግጠም አለ። ማሽን ያለው ቦታ አዲስ አበባ ከሆነ የ130 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ፤ የሚባክነውም ቀን ገንዘብ ነው። እኔ የምሄድበት መስፈሪያ ይህ ነው፦ የማቃኛው ጠቅላላ ወጪ ካገለገለ ደህና ቸርኬ ዋጋ ግማሽ ካለፈ እቀይራለሁ።

መቀየርም ጣጣ አለው። ያገለገለ ቸርኬ ደብረ ብርሃን ካጣችሁ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ትሄዳላችሁ። እዚያ የሚሸጠው አሉሚኒየም ራሱ ተቃንቶ፣ ተቀብቶ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። አዲስ የተቀባ ቸርኬ ባየሁ ቁጥር እጠራጠራለሁ። ጀርባውን ገልብጡና የውስጥ ከንፈሩን በጣታችሁ ዙሩት። የመዶሻ ምልክት፣ ሞገድ፣ የብየዳ ጉብታ ካገኛችሁ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ተዉት።

መግጠሙንም አረጋግጡ። «የኮሮላ ነው» ማለት አይበቃም። አብዛኛው የቀድሞ ባለ 4 ቡሎን ኮሮላና ቪትዝ ቡሎኖቹ የሚቆሙበት ክብ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመሃል ቀዳዳው ደግሞ 54.1። ሌሎች ባለ 4 ቡሎን መኪኖች አሉ 114.3 የሆኑ። በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ግን አይገጥሙም። ባለ 6 ቡሎኑ ሃይሉክስ 139.7 ነው። ስፋቱና ወደ ውስጥ የሚገባበት ልክ ቸርኬው ጀርባ ላይ ተቀርጿል። ከድሮው ጋር አስተያዩት። ካልተመሳሰለ ጎማው ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያውን) ይነካል፤ ወይም ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ያለጊዜው ይበላል። ቡሎኑ ላይ የሚጠብቀውን ዳዶም አትርሱ። የአንዳንዱ አሉሚኒየም ዳዶ መቀመጫው ጠፍጣፋ ነው፤ የብረቱ ሾጣጣ ነው። የአንዱ ለሌላው በደንብ ላይጠብቅ ይችላል።

ሥራችሁ መንዝ ወይም መርሐ ቤቴ ኮረኮንች ላይ ከሆነ ግን አልደብቃችሁም፤ አራቱንም ወደ ብረት ቀይሩ። አሉሚኒየም ያምራል፣ ይቀላል። ድንጋይ ላይ ግን ብረት ሲጣመም እዚያው ያገኛችሁት ጎሚስታ ያቃናዋል። እኔ አሁን የምነዳው በብረት ነው።

ከተቃና በኋላ

ከጎሚስታው ዝም ብላችሁ አትውጡ። መኪናዋን በክሪክ አንሱ፤ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፉ። እንጨት መሬት ላይ አቁማችሁ ጫፉን ከቸርኬው ከንፈር ጋር አስጠጉና ጎማውን አሽከርክሩ። ክፍተቱ ሲሰፋና ሲጠብ በዓይን ከታያችሁ ገና አልቀናም። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት መወላገድ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከንፈሩ ላይ የሳሙና ውሃ አፍስሱበት። አረፋ ከሠራ ንፋስ እያስወጣ ነው።

ባላንስ ጠማማ ቸርኬ አያቃናም። የማመጣጠኛ እርሳስ በእርሳስ ላይ ቢለጠፍ ክብደቱ ይመጣጠናል፤ ጥመቱ ግን እዚያው ነው። በሰዓት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ላይ መሪው ከተንቀጠቀጠ የፊቱን ፈትሹ፤ ወንበሩ ከተርገፈገፈ የኋላውን። ጎማው ውስጥ ካላማዳሪያ (ንፋስ የሚያዝበት ላስቲክ) ከትተው «ንፋስ አቆመ» የሚሏችሁንም አትቀበሉ። የቆመው ንፋሱ ነው፤ ቸርኬው እንደተጣመመ ነው። የተመታውን ጎማ ጎንም ዳብሱት። እብጠት ካለው ጎማውም አብሮ ይቀየር።

የተቃናውን አሉሚኒየም እኔ ብሆን ስኮርታ (መጠባበቂያ ጎማ) አደርገዋለሁ፤ ካልሆነም ከኋላ እገጥመዋለሁ እንጂ ከፊት አልመልሰውም።

ንፋሱን ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነሳ ለኩ። ከሰዓት በሙቀት የተሞላ ጎማ በደብረ ብርሃን ውርጭ ሲያድር 2 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ሊወርድ ይችላል። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ምቱን የሚቀበለው ቸርኬው ነው።

አዲስ ቸርኬ የተገጠመ ዕለት ዳዶውን በመስቀል አቅጣጫ፣ ትይዩ ትይዩውን አጥብቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና አጥብቁት። ከደብረ ብርሃን ወደ ታች የምትወርዱ ከሆነ ጣርማ በር ላይ ለመቆም ርቀቱ ልክ ነው። ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ዳር ይዛችሁ ቁሙና የዳዶ ቁልፉን አውጡ።