ሜሪ ያቆመችው ቤት

የእድራችን ገንዘብ ያዥ ከሆንኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስለዚህ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» በተባለው የድሮ የገና ፊልም ውስጥ አጎት ቢሊ የሚሠራበትን የቁጠባ ማኅበር 8,000 ዶላር ሳያውቀው በጋዜጣ ጠቅልሎ ለገዛ ጠላቱ ሲያስረክብ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ባር ባር ይላል። ዘንድሮም እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጎረቤቶቻችን ገናቸውን በሚያከብሩበት ዋዜማ፣ እኛ ገና ጾም ላይ ሳለን፣ ቆሎና ሻይ ይዤ ፊቱ ተቀመጥኩ። እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጥታ ስለነበር አብራኝ አየችው። እንግሊዝኛ ስለማታውቅ አጠገቧ ሆኜ እተረጉምላት ነበር።

ፊልሙን ፍራንክ ካፕራ እ.ኤ.አ. በ1946 ነው የሠራው። ጄምስ ስቱዋርት የሚጫወተው ጆርጅ ቤይሊ ቤድፎርድ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ያደገ፣ ዓለምን ልዞር፣ ድልድይ ልሥራ እያለ የሚመኝ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞቱ ግን ለድሆች ቤት መሥሪያ የሚያበድረው ትንሽ የቁጠባ ማኅበር እጁ ላይ ይወድቃል። ጥሎት ቢሄድ የከተማዋ ባለጸጋ ፖተር ይውጠዋል፤ ስለዚህ ሻንጣው እንደተዘጋጀ ቀረ። ብዙ ሰው ፊልሙን የሚያስታውሰው በመጨረሻ ከሰማይ በሚመጣው መልአክ ነው። ለእኔ ግን የፍቅር ፊልም ነው፣ ያውም የትዳር፤ ቤቱን ያቆመችውም ዶና ሪድ የምትጫወታት የጆርጅ ሚስት ሜሪ ናት።

የስልኩን ትዕይንት ተመልከቱ። ጆርጅ ሜሪ ቤት የመጣው ሳይወድ በግዱ ነው። ተኮሳትሮ ይወጣና የረሳውን ባርኔጣ ሊወስድ ሲመለስ እሷ ስልክ ላይ ናት። የደወለው ሳም የሚባል ሀብታም ጓደኛቸው ነው፤ ከአኩሪ አተር ፕላስቲክ ስለመሥራት ያወራል። ሁለቱ በአንድ ማዳመጫ ለመስማት ፊታቸውን አስጠግተዋል። ካሜራው እዚያው ተተክሎ ይቀራል። ሳም ስለ ትርፍ ያወራል፣ የጆርጅ ዓይን ወደ ሜሪ ፀጉር ይሄዳል፣ የእሷ እንባ ይመጣል፣ እሱ አላገባም እያለ ይቆጣል፣ ወዲያው እቅፍ አድርጓት ያለቅሳል። እኔ ስለ ፕላስቲኩ ለማስረዳት ስታገል እናቴ እጄን ያዝ አደረገችና፦

«ተወው ልጄ፣ እሱን አትተርጉምልኝ፤ ፊታቸውን እያየሁ ነው» አለችኝ።

በሠርጋቸው ዕለት ደግሞ ወደ ጫጉላ ጉዟቸው ሲያመሩ ሕዝቡ ገንዘቡን ሊያወጣ የማኅበሩን በር ያጣብባል። ጆርጅ ገንዘባችሁ ካዝና ውስጥ የለም፣ በየጎረቤቶቻችሁ ቤት ውስጥ ነው እያለ ይለምናል፤ የሚሰማው የለም። ያን ጊዜ ሜሪ ለጫጉላ የያዙትን 2,000 ዶላር ከፍ አድርጋ ታሳያለች። ማንም አልጠየቃትም። አንዱ ሰውዬ 242 ዶላሬን ሙሉውን ብሎ ድርቅ ይላል፤ ወይዘሮ ዴቪስ ግን ተራቸው ሲደርስ 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ይጠይቃሉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በሩ ሲዘጋ የቀረው ሁለት ዶላር ነው። በወረርሽኙ ጊዜ እድራችን በአንድ ወር ሦስት ቀብር ገጥሞት መዝገቡን ገልጬ የተቀመጥኩባት ማታ ትዝ ትለኛለች። በማግስቱ የሦስት ወር መዋጮዋን አስቀድማ ያመጣችው፣ ሰው ቤት ልጅ በመጠበቅ የምትተዳደር አንዲት እናት ነበረች። ወይዘሮ ዴቪስን ሳይ የማየው የእሷን ፊት ነው።

አንድ ትንሽ ነገር እንዳታመልጣችሁ። ሜሪ የመረጠችው ቤት ጣሪያው የሚያፈስ አሮጌ ቤት ነው፤ በደረጃው መደገፊያ ጫፍ ላይ ያለው የእንጨት ጉልላትም የላላ ነው። ጆርጅ ደረጃውን በወጣ ቁጥር እጁ ላይ ነቀል ይላል። አጎት ቢሊ ገንዘቡን በጣለበት ማታ ሊወረውረው ይቃጣል፤ መጨረሻ ላይ ያንኑ እንጨት ይስመዋል።

ቅሬታም አለኝ። መልአኩ ጆርጅ ባይወለድ ኖሮ ዓለም ምን እንደምትመስል ሲያሳየው፣ ሜሪ መነጽር አድርጋ፣ ሳታገባ ቀርታ፣ ቤተ መጻሕፍት ዘግታ በፍርሃት ስትሄድ እናያለን። ይህን አልቀበልም። ያን ሁሉ ሕዝብ በአንድ እጇ ያረጋጋች ሴት ባል ስላላገኘች ብቻ ጥላዋን የምትፈራ አትሆንም። የእኔም ልጅ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ እዚያ ቦታ ስንደርስ ሁልጊዜ ተነስታ ሻይ ልትቀዳ ትሄዳለች። እውነቷን ነው።

ርዝመቱ ከሁለት ሰዓት ያልፋል፤ ግማሹ ድረስ ስለ ገና እምብዛም የለበትም፤ ይህን አውቃችሁ ግቡ። በቀለም የተሠራ ቅጂም ስላለ ጥቁርና ነጩን ምረጡ፤ የስልኩን ትዕይንት ጥላና ብርሃን ቀለሙ ያጠፋዋል። በረዶው ግን ሊደነቅ ይገባዋል። የተቀረጸው ካሊፎርኒያ ውስጥ በሞቃቱ ወቅት ነው። በዚያን ዘመን ለበረዶ ነጭ ቀለም የተቀባ ኮርንፍሌክስ (ለቁርስ የሚበላው ደረቅ የበቆሎ ቅርፊት) ይነሰነስ ነበር፤ ሲረገጥ እየተንኮሻኮሸ ንግግር አላስቀዳ ስላለ ለዚህ ፊልም የእሳት ማጥፊያ አረፋና ሳሙና ቀላቅለው አዲስ በረዶ ፈጠሩ። ያን ሁሉ ደክመውበት ሲወጣ ከሰረ። እ.ኤ.አ. በ1974 የባለቤትነት መብቱ ሳይታደስ ቀርቶ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በነጻ ሲያሳዩት ነው ሰው ቤት የገባው።

መጨረሻ ላይ የከተማው ሰው የጠፋውን ሊተካለት እየተግተለተለ ጆርጅ ቤት ገብቶ ብሩን ጠረጴዛው ላይ ይቆልላል። ደረሰኝ የሚጽፍ የለም፣ የሚጠይቅም የለም። እኔ ዓይኔን ስጠርግ እናቴ ሰውን ሁሉ በጣቷ እያለፈች ትፈልግ ነበር።

«ይሄን ሁሉ ሰው ማን ጠራው?»

«ሜሪ ናት፣ እማዬ። ባሏ ችግር ላይ መሆኑን ለሰዎች ነግራ።»

ራሷን ነቀነቀች። ቆየት ብላ የስልኩን ቦታ መልስልኝ አለችኝ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ መለስኩላት።