ለኮምቦልቻው የቶርኖ ባለሙያ ምስጋና

የአባባ ያማሃ ኤጂ 100 ተነስታለች። በግብርና ሥራቸው ገጠር ለገጠር ያዞረቻቸው ሞተር ናት። እዚህ ያደገ ሰው ያውቃታል፤ ሰንሰለቷ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያላት። ደሴ ግቢያችን ውስጥ ፈታትቼ መልሼ ስገጥማት ከረምኩ። መፍታቱና መግጠሙ በእጄ ነው። መለዋወጫዋ ግን እንደ ልብ አይገኝም፤ አንዳንዱን ማስቀረጽ ግድ ሆነ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናትና ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት አይጠፋም። እኔ የማመሰግናቸው ግን አንድ ባለሙያ ናቸው። ስሜን አትጥራ ስላሉኝ አልጠራም።

የመጀመሪያው ሥራ የኋላ ጎማውን የሚይዘው ሹካ ነበር። ቡሾቹ፣ ማለትም ቀዳዳው ውስጥ የሚገቡት ቀለበቶች፣ ተበልተው ኩርባ ላይ የሞተሯ ጀርባ ይዋዥቃል። ከዚያ በፊት ሌላ ቤት አሮጌውን ቡሽ ለናሙና ተቀብለው በዚያው ልክ ቀርጸውልኝ ነበር። ወር ሳይሞላ ላላ። እኚህ ሰው አሮጌውን ቡሽ አገላብጠው አዩና ወደ ጎን አስቀመጡት። «ይሄ ያለቀ ነው፤ ከእሱ ምን ልክ ይገኛል? ሹካውንም ፔርኖውንም ይዘህልኝ ና» አሉኝ። ፔርኖው በቡሹ ውስጥ የሚያልፈው ዘንግ ነው።

ይዤ ሄድኩ። ቡሹ የሚገባበትን ቀዳዳ ከየአቅጣጫው ለኩት። ክብነቱን አጥቷል። መጀመሪያ እሱን አስተካከሉ፤ ቡሹን ከነሐስ የቀረጹት ከዚያ በኋላ ነው። ቡሽ ተጠቅጥቆ ሲገባ ውስጡ የሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ ያህል ይጠብባል። ስለዚህ የውስጡን የመጨረሻ ልክ የሰጡት ከገባ በኋላ ነው። የግሪስ መስመርም አወጡለት። ፔርኖው በእጅ ግፊት ብቻ ሰተት ብሎ ገባ፤ ንቅንቅ የለም።

ሲሊንደሩ ላይ ደግሞ የባሰ አደነቅኳቸው። ፒስተኑ የሚመላለስበት ውስጡ ተጭሮ መስፋት ነበረበት። «ፒስተኑን ሳላይ ብረት አልነካም» አሉ። ትርፍ ልክ ያለው ፒስተን 0.25፣ 0.50 ሚሊሜትር እያለ ነው የሚጨምረው። እሳቸው ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አልተቀበሉም። ፒስተኑን ራሱን በማይክሮሜትር ለክተው ሲሊንደሩን ለእሱ አሰፉት። ሞተሯ ቱ ስትሮክ ስለሆነች የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ጋዝ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው መስኮቶች አሉ። ሲሰፋ የመስኮቶቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይሳላል። እንዲሁ ከተገጠመ ፒስተኑ ላይ ያለውን ቀለበት፣ ፋሻውን፣ ይዞ ይሰብረዋል። ያንን ጠርዝ አንድ በአንድ በእጃቸው ሞርደው አለሰለሱት። ማንም አላዘዛቸውም። ቢተዉትም ፋሻው እስኪሰበር ድረስ የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ሥራ እምቢ ብለውኛል። የፊት ጎማውን ፔርኖም እንዲቀርጹልኝ ለመንኳቸው። «እጄ ላይ ያለው ብረት ጥንካሬው ለዚህ ይሁን አይሁን አላውቅም። ቢሰበር የምትወድቀው አንተ ነህ። ኦሪጅናሉን ፈልግ። አብሽር፣ ይገኛል» አሉኝ። ገንዘብ የሚያገኙበትን ሥራ ነው የመለሱት! ፈለግሁ፤ ከአዲስ አበባ ተላከልኝ።

ሲያልቅ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ሀረጎን፣ ይዣት ወጣሁ። ሲሊንደሯ አዲስ የሰፋ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅ አትስጣት ብለውኝ ነበር። ቀስ እያልኩ፣ መሃል ላይም እያቆምኩ አሳረፍኳት። በዚያ ሁሉ ኩርባ ጀርባዋ አልዋዠቀም። አባባም ሲያዩዋት ቆመው መረቋቸው። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

የሞተርም ይሁን የባጃጅ፣ የወፍጮም ይሁን የውሃ ፓምፕ ዕቃ ማስቀረጽ የምትፈልጉ ሂዱ። ዕቃውን አጥባችሁ፣ ከሚገጥምበት አካል ጋር አንድ ላይ ውሰዱት። ዋጋ ሥራውን አይተው ቀድመው ይናገራሉ፤ በኋላ አይጨምሩም። ረጋ ብለው ስለሚሠሩ ለዛሬ ካልደረሰ አትበሏቸው። አድራሻ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። አርብ ለጁምዓ ስለሚዘጉ በጠዋት ድረሱ።