የሰፈር ላሜራ ቤት የሚሠራው የኤሌክትሪክ ምጣድ፦ ሸክላው ደህና፣ ማያያዣው ደካማ

በአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ እስከ ካራና ለገጣፎ፣ መንገድ ዳር ተደርድሮ የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ላዩን ሲያዩት ሁሉም አንድ ነው። ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ሸክላ፣ ከሥሩ ሽቦ፣ ዙሪያውን ላሜራ፣ ከላይ አክንባሎ። ልዩነቱ ሲገለበጥ ይታያል። የሥሩ ክዳን በብሎን የታሰረ ከሆነ ግዙት። በብየዳ የተዘጋውን ግን ቢረክስም ተዉት፤ ይህ ዕቃ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም፣ ያን ቀን ካልተከፈተ ደግሞ ከነሸክላው ይጣላል።

ሸክላው ብዙም አይታማም። ከመግዛታችሁ በፊት በጣታችሁ አንኳኩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ሙሉ ነው፣ ድፍን ካለ የማይታይ ስንጥቅ አለው። ቀጥ ያለ ማስመሪያ አጋድማችሁም እዩ፤ ጎድጓዳ ቦታ ካለ ሊጡ እዚያ ይጠራቀማል፣ እንጀራውም መሃሉ ይወፍራል። ሽቦውም የኒኬልና የክሮም ቅይጥ እስከሆነ ድረስ ብዙ ዓመት ይችላል። የሚያሳፍረው ከሽቦው ጋር የሚገናኘው ገመድ፣ ማያያዣውና ስፒናው ነው። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል፤ እንጀራ ጋገራ ደግሞ የአምስት ደቂቃ ሥራ አይደለም። ቀጭን ገመድና የላላ ሶኬት ይህን ለሰዓታት አይሸከሙም፤ ይግላሉ፣ ይላላሉ፣ ይበልጥ ይግላሉ፣ በመጨረሻ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከሱቅ እንደወጣችሁ ገመዱን በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ቀይሩት፤ ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤት ያለው መስመር ረጅም ከሆነ እሱን 4 ካሬ አድርጉት፣ የራሱ ብሬከርም ይኑረው።

ምጣዱ አልሰማ ሲል ወደ ሽቦው መሮጥ አያስፈልግም። ስፒናውን ንቀሉ፣ ማብሪያ ካለው ወደ ማብራት አዙሩት፣ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ፣ ማለትም የሽቦውን መቋቋም በሚለካበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን የስፒና እግሮች ለኩ። 3,500 ዋት ከሆነ 14 ኦም ገደማ፣ 3,800 ከሆነ 13 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ወደ ዜሮ ከወረደ የሆነ ቦታ ተነካክቷልና ፈጽሞ እንዳትሰኩት። ሁለት ሽቦ በትይዩ የተዘረጋበት ምጣድ 28 ኦም ካሳየ አንዱ ሽቦ ሞቷል ማለት ነው። ምንም ካላሳየ የሥሩን ክዳን ፈትታችሁ ሽቦው ከገመዱ በሚገናኝበት ብሎን ላይ፣ ገመዱን አላቅቃችሁ ለኩ። እዚያ 14 ካለ ሽቦው ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ገመዱ፣ ማብሪያው ወይም ስፒናው ጋ ነው። ይህን ለክቶ ሳያሳይ «ሽቦው ተቃጥሏል፣ ሙሉውን ቀይሩ» የሚል ጠጋኝ አይታመንም።

የጠቆረ ማያያዣ ካገኛችሁ መዳቡን የሚያብረቀርቀው ክፍል እስኪደርስ ቁረጡ፣ የሽቦውን ጫፍ በቢላ ፋቁ፣ ከዚያ በብሎን፣ በሁለት ሮንዴላና በሁለት ዳዶ አጥብቃችሁ እሰሩ። በናስትሮ መጠቅለል ጥገና አይደለም፣ ይቀልጣል። በቆርቆሮ መበየድም አይሆንም፤ የምጣድ ሽቦ ቆርቆሮ አይቀበልም፣ ቢቀበልም በዚያ ሙቀት ይፈስሳል።

ሽቦው ራሱ ከተበጠሰ ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ መቀጠል ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ የተጠማዘዘው ቦታ ንክኪው ስለሚላላ ከሌላው በልጦ ይግልና እዚያው ይበጠሳል። አዲስ ግዙ፤ መርካቶ የምትገዙትም ቢሆን ከሱቁ ሳትወጡ ለኩት። 11 ኦም ካሳየ 4,400 ዋት፣ 20 አምፔር ማለት ነውና መልሱት። ቤት ስትደርሱ ሲባጎ በሸክላው ቦይ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር አስኬዱና ርዝመቱን ያዙ። ጥቅልሉን ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ በአንድ ጊዜ፣ ከሲባጎው ትንሽ እስኪያጥር ሳቡት። በየቦታው ቆንጥሮ መሳብ ነው እንጀራውን አንድ ጎን አሳርሮ ሌላውን ነጭ የሚያስቀረው፤ ጥቅልሉ የጠበበበት ይግላል፣ የሳሳበት ይበርዳል። ወደ ብሎኑ የሚወጣውን ጫፍ አጥፋችሁ በራሱ ላይ ጠምዝዙት፤ እዚያ ላይ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ማያያዣውም ይተርፋል።

ሽቦው በጄሶ የሚሸፈን ከሆነ ከ2 ቀን ያላነሰ ይድረቅ፤ ከዚያም መጀመሪያ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ እያበራችሁ፣ እያጠፋችሁ አሙቁት። እርጥብ ጄሶ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የታፈነው እንፋሎትም ሸክላውን ይሰነጥቃል። ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት በስፒናው እግርና በላሜራው መካከል ለኩ። ከ1 ሜጋ ኦም (ከሚሊዮን ኦም) በታች ከሆነ ሊነዝር ይችላል፤ ይድረቅና እንደገና ይለካ፣ አሁንም ከወረደ ሽቦው ላሜራውን ሳይነካ አይቀርም። የመሬት ሽቦ ላሜራው ላይ በብሎን መታሰሩ ግዴታ ነው፤ ብዙ ሠሪዎች ግን ሁለት ሽቦ ያለው ገመድ ገጥመው ይሸጣሉ፣ የዚህ ዕቃ ትልቁ ነውርም ይኸው ነው።

ዳር ሰፈር ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ከትራንስፎርመር ርቆ፣ ወይም ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ ተስቦ በመጣ መብራት፣ ማታ ሁሉም ሲያበራ ቮልቱ ይወርዳል። በ190 ቮልት 3,500 ዋቱ ወደ 2,600 ይወርዳል፤ ምጣዱ ሳይታመም የታመመ ይመስላል። ምጣዱ በርቶ እያለ ሶኬቱን ለኩ። ሲጠፋ 220፣ ሲበራ 195 ከሆነ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሶኬቱ የሚመጣው ቀጭን መስመር ነው፤ የሚቀየረውም እሱ ነው። ሁለቱም ጊዜ ዝቅ ያለ ከሆነ ከውጭ የሚመጣው ኃይል ነውና ጋገራውን ወደ ጠዋት አዙሩት። «ሙቀት እንዲጨምር» ብሎ ሽቦውን የሚያሳጥር ጠጋኝ አይጠፋም፤ ከሽቦው አንድ አምስተኛው ቢቆረጥ ቮልቱ 220 የደረሰ ዕለት ምጣዱ ወደ 4,400 ዋት ይስባል፣ ገመዱንም ያቀልጠዋል።

ሸክላው ራሱ ከተቀየረ በተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግሞ ማሟሸት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ከምጣዱ አንለቅ ቢሉ ገና አልሟሸም ማለት ነውና ክዳኑን እንደገና አትፍቱ።