ለከመነዳሪ የትኛው ፓውደር ይሻላል? ታልክ፣ የሕፃን ፓውደርና በእጅ የተገኘ ዱቄት

ከመነዳሪ፣ ማለትም ጎማው ውስጥ ገብቶ ንፋሱን የሚይዘው ቱቦ፣ ሲገጠም ፓውደር የሚነሰነሰው ጎማ ከጎማ ጋር ሲጫን ስለሚያያዝ ነው። ንፋስ ሲገባበት ከመነዳሪው እየተለጠጠ የጎማውን ሆድ ይሞላል። አንዱ ጎኑ ቀድሞ ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ እዚያ መለጠጡን ያቆማል፤ የቀረው ክፍል የእሱንም ድርሻ ይለጠጥና ይሳሳል። አለዚያም ይታጠፍና እጥፋቱ እንደተጫነ ይቀራል። ሁለቱም በዕለቱ አይታወቁም። ቆይቶ እሾህም ሚስማርም በሌለበት ሲተነፍስና ሲፈታ፣ እጥፋቱ ላይ በምላጭ የተቀደደ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር ይገኛል።

ለዚህ ሥራ አንደኛው ሽታ የሌለው ንጹህ ታልክ ነው። ታልክ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 1 ቁጥር ላይ የተቀመጠ፣ በጥፍር የሚፋቅ ማዕድን ነው። ቅንጣቶቹ እንደ ስስ ቅጠል የተደራረቡ ስለሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ውሃ አያሟሟውም፣ ጎማ አይበላም፣ መንገድ ላይ የሚፈጠረው የጎማ ሙቀትም አይለውጠውም። ሬማ ቲፕ ቶፕ የተባለው የጀርመን ድርጅት ለጎማ ሥራ ብሎ በመነስነሻ ዕቃ የሚያወጣው ይኸው ታልክ ነው። ሽቶ ያለው የገላ ታልክም ሥራውን እኩል ይሠራል፤ ለሽቶው ተጨማሪ መክፈል ነው እንጂ ከመነዳሪውን አይጎዳም። አንድ ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ ላለው ሰው ትንሹ ዕቃ ይበቃል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የሕፃን ፓውደር ላይ ነው። ብዙ ሰው የሕፃን ፓውደር ሁሉ ታልክ ይመስለዋል። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ታልክ ያለበትን የሕፃን ፓውደር እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካና በካናዳ፣ በ2023 ደግሞ በመላው ዓለም መሸጥ አቁሞ በበቆሎ ስታርች ተክቶታል። ስለዚህ የዕቃው ጀርባ ይነበብ፦ መጀመሪያ የተጻፈው «ታልክ» ከሆነ ይገዛል፤ «ዚያ ሜይስ ስታርች» ከሆነ በቆሎ ነው። ስታርች በደረቁ ያንሸራትታል፣ ለመግጠም ያህል ያገለግላል። ችግሩ እርጥበት ነው። በክረምት በቫልቩ ቀዳዳ የሚገባው ውሃ ሊጥ ያደርገዋል፤ ሊጡ ይደርቅና ከመነዳሪውን የሚፍቅ ጓል ይሆናል። የስንዴ ዱቄትም ያው ነው፣ በላዩ ላይ ይሻግታል። የልብስ ሳሙና ዱቄት እርጥበት ስቦ ቸርኬውን ያዝጋል። ሲሚንቶ እንደ ሞረድ ስለሚፍቅ ባዶውን መግጠም ይሻላል። ግራሶና የተቃጠለ ዘይት ጭራሽ አይሞከሩም፤ ጎማውን አሳብጠው ያልማሉ።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጠኑ ነው። ለባጃጅ 4.00-8 ጎማ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ለ18 ኢንች ሞተር ሳይክል አንድ ተኩል፣ ለአይሱዙ 7.50-16 ሦስት ያህል። ከባድ መኪና ላይ አንድ እፍኝ። መጀመሪያ የጎማው ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይታበሳል፤ የተሰበረ የግራር እሾህ ጫፍ ካለ ጨርቁን ይይዘዋልና በፒንሳ ይነቀላል። ውስጡ እርጥብ ከሆነ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ከዚያ ታልኩን ጨምሮ ጎማውን ማሽከርከር፣ የተረፈውን ገልብጦ ማራገፍ። ጎማው ውስጥ መታየት ያለበት እንደ ጤዛ የተነፋ ስስ ነጭ ነው። ክምር ካለ በጉዞ ላይ እየተጠቀለለ እንደ ጠጠር ይሆናል።

ከመነዳሪው ክብ ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ይነፋና ላዩ በታልክ በተነካ ጨርቅ ይታሻል። ፍላፕ (በከመነዳሪውና በቸርኬው መካከል የሚገባ የላስቲክ ቀበቶ) ካለው የፍላፑ ሁለቱም ፊት፣ በተለይ ስስ ጠርዙ፣ መታሸት አለበት። የቫልቩ ብሎን ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ተይዞ ይተዋል እንጂ አይጠብቅም። ጎማው ከገባ በኋላ ይነፋል፤ ከዚያ የቫልቩ ውስጠኛ መርፌ ተፈትቶ ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል፤ መርፌው ተመልሶ እንደገና ይነፋል። ታልኩ ዋጋውን የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው፦ ንፋሱ ሲወጣ የታጠፈው ይፈታል፣ ሁለተኛው መንፋት ቦታ ቦታውን ያስይዘዋል። ይህን ደረጃ መዝለል ታልኩን ሳይጠቀሙ እንደመግጠም ነው።

ታልክ የማይነካው ቦታ ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ሽቦ ያለበት የጎማ ጠርዝ ነው። እዚያ የሚፈለገው መያዝ ነው። ጠርዙ ከተንሸራተተ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞራል፣ ከመነዳሪውንም ይጎትታል፣ ቫልቩ ተጋድሞ ከሥሩ ይገነጠላል። ቫልቩ ጋደል ካለ ምልክቱ ይኸው ነው፤ የንፋስ ማነስም እንዲሁ ስለሚያደርግ አብሮ ይለካ። ጠርዙን ለማስገባት ከተቸገሩ ቀጭን የሳሙና ውሃ ጠርዙ ላይ ብቻ ይቀባ፣ ወደ ውስጥ እንዳይፈስ። ታልክና የሳሙና ውሃ ከተገናኙ ጭቃ ነው።

ሲለጠፍ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ታልክ ያለበት ቦታ ላይ ማስቲሽ አይይዝም። ቀዳዳው ዙሪያ ከመለጠፊያው ሰፋ አድርጎ ተፍቆ፣ ዱቄቱ ተጠርጎ፣ ማስቲሹ ተቀብቶ ሲነካ እጅ ላይ የማይቀር እስኪሆን ይጠበቃል። መለጠፊያው በደንብ ከተጫነ በኋላ ግን በዙሪያው የተረፈው የማስቲሽ ቀለበት በታልክ ይሸፈን። ያ ቀለበት ባዶውን ከተተወ ከጎማው ግድግዳ ጋር ይያያዝና በሚቀጥለው ሲፈታ መለጠፊያውን ይዞ ይመጣል።

የታልክ ትልቁ ጉድለት ብናኙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ታልክን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት ተርታ መድቦታል። ቀኑን ሙሉ የሚነሰንሰው ጎሚስታ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ፣ ከፍ አድርጎ አይበትን፣ ልብሱንና ወለሉን በኮምፕሬሰር ንፋስ አያራግፍ። የፈሰሰው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።