ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ላላችሁ፦ የቤት ዕቃና ጨርቅ በስቴንስል (ተቆርጦ በወጣ ቅርጽ ቀዳዳ ቀለም በማሳረፍ) የምታስውብ ባለሙያ

ምስጋናዬ ለአንዲት የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለነገረችኝ፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

እናቴ ቤት አባታችን ያሠራው የዋንዛ ቁም ሳጥን አለ። ቫርኒሹ ተላልጦ፣ በሮቹ ተጫጭረው ነበር። ወንድሞቼ «ይሸጥና አዲስ ይገዛላት» ይላሉ፤ እሷ ደግሞ «ዓይኔ እያየ ከዚህ ቤት አይወጣም» ትላለች። በዚህ መሐል ነው ጎረቤት ቤት አንድ የትራስ ልብስ ያየሁት። ዳር ዳሩን ሐረግ ይዞረዋል። ጥልፍ መስሎኝ በጣቴ ዳበስኩት፤ ለካ ቀለም ነው። ማን እንደሠራው ጠይቄ ልጅቷን አስመጣኋት።

ቁም ሳጥኑን ወዲያው ተቀበለች። ሶፋውን ግን እምቢ አለች። ከጨርቁ ጠርዝ ክር መዝዛ በክብሪት ለኮሰችው፤ ቀልጦ ጫፉ ላይ ጠጣር ፍሬ ሠራ። «ይኸ ፖሊስተር ነው እማማ። እንደ ጥጥ ቀለም አይዝም፣ ገንዘብዎን በከንቱ አልበላም» አለቻት። ጥጥ ቢሆን ኖሮ ነድዶ አመድ ብቻ ይሆን ነበር። ከአቡጀዲ ልባስ አሰፍተን ካመጣን በዚያ ላይ እንደምትሠራ ነገረችን። እኔ ያመንኳት እዚያ ላይ ነው። የመጣለትን ሥራ ሁሉ «ይቻላል» ብሎ ቀብድ የሚቀበል ሞልቷልና።

አሠራሯን ቁጭ ብዬ ስላየሁት ልንገራችሁ። ቅርጹን የምትቆርጠው ከአሮጌ የራጅ ፊልም ነው። ፊልሙ በረኪና ውስጥ ተዘፍዝፎ ሥዕሉ ሲለቅ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሆናል። ክብ ነገር ስትቆርጥ መሐሉ ወልቆ እንዳይወድቅ ቀጭን ማያያዣ ትተዋለች፤ ያ ማያያዣ ያረፈበት ቦታ ቀለም ስለማይነካው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስቴንስል የሚባለው ሥራ ቆረጥ ቆረጥ ያለ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። እሷ ግን ክፍተቱን ቅጠል ከግንድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስለምታውለው የንድፉ አካል ይመስላል። ከብራና መጻሕፍት የምናውቀው ዓይነት ሐረግ ለዚህ ይመቻል፤ ራሱ በቅጠልና በቋጠሮ የተከፋፈለ ነውና።

ብሩሿ አጭርና ድፍን ነው። ቀለም ነከር ታደርግና አሮጌ ጨርቅ ላይ ደጋግማ ትመታዋለች፣ ደረቀ እስኪባል ድረስ። ከዚያ ብሩሹን ቀጥ አድርጋ ነካ ነካ ታደርጋለች እንጂ አትቀባም። ቀለም ከበዛ በፊልሙ ሥር ሾልኮ ጠርዙን ያደበዝዘዋል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፊልም አለው፤ ማዕዘኑ ላይ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች እያስተካከለች አንዱን በአንዱ ላይ ታሳርፋለች። ጨርቁ በደንብ ሲደርቅ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጋበት በጋለ ካውያ ትተኩሰዋለች፤ የጨርቅ ቀለም በሙቀት ካልተያዘ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ቁም ሳጥኑን ግን መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ አለሰለሰችው፣ መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ ደረበችበት። የዋንዛው መልክ በቀለሙ መሐል ይታያል፤ ሁሉንም በቀለም አለመድፈኗን በጣም ወድጄዋለሁ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። እናቴ «በመከዳዎቹ ላይ መስቀል አድርጊልኝ» አለቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «እማማ፣ ሰው በሚቀመጥበት ላይ መስቀል አላሳርፍም። ከፈለጉ መጋረጃው ላይ ከፍ አድርጌ ልሥራልዎ፤ ለመከዳው የቀሚስ ጥለት የመሰለ ይሻላል» አለች። እናቴ «የቄስ ልጅ ነሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችና መረቀቻት። አሁን መከዳዎቹ ዙሪያቸውን አረንጓዴና ቀይ ጥለት ይዘዋል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሸማኔው ማን ነው ይላል።

ሁሉም ነገር እንከን የለሽ ነው አልላችሁም። ሥራ ላይ ስትሆን ስልክ አታነሣም፤ መልእክት ጽፎ መጠበቅ ነው። በአንደኛው በር ታችኛው ጥግ ሐረጉ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ራሷ አይታ «ላስተካክለው» ብትል እናቴ «ተዪው፣ እጅ የሠራው መሆኑ ይታወቅበት» ብላ ከለከለቻት።

ዋጋው እንደ ጨርቁ ስፋትና እንደ ቀለሙ ብዛት ይለያያል። ባለ አንድ ቀለም ርካሽ ነው፤ እንደኔ እንደኔ ለመጋረጃ የሚያምረውም እሱ ነው። ንድፍ ከሌላችሁ እሷ ጋ የተቆረጡ አሉ፣ አዲስ ካስቆረጣችሁ ግን የንድፉን ለብቻው ታስከፍላለች።

ወደ እሷ የምትሄዱ አዲስ ጨርቅ ከሆነ አጥባችሁ ውሰዱላት፤ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ማጠንከሪያ ቀለሙ ወደ ክሩ እንዳይገባ ያደርጋል። ማለስለሻ አትጨምሩበት። ከተሠራ በኋላም እስከ ሳምንት ድረስ አትጠቡት፤ ስታጥቡት ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፣ በረኪና አይንካው። የጎጃም ክረምት ደግሞ ቀለም አያደርቅምና ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀጠሮዋ ይረዝማል። ለእንቁጣጣሽ የምታስቡ ካላችሁ ሰኔ ሳይገባ ንገሯት።