ባለ ሶላሯ ሬዲዮዬ ከስምንት ወር በኋላ

የገዛኋት ሐምሌ ላይ ነው። የቻይና ሥሪት ናት። ኤፍ ኤም፣ መካከለኛና አጭር ሞገድ ትይዛለች፤ ፍላሽም ትቀበላለች። ፍላሹን ግን አንድም ቀን አልሰካሁትም። መርጬ ለመስማት ስልኬ አለልኝ። ሬዲዮ የገዛሁት ያልመረጥኩትን እንድታሰማኝ ነው።

ልጅ ሆኜ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ስናድግ አባዬ ባለ ሦስት ድንጋይ ሬዲዮ ነበረው። ድንጋዩ ሲደክም ግቢ ውስጥ ፀሐይ እናሞቀዋለን፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። አንድ ማታ ታዲያ መሀል ላይ የደረስኩበት የክራር ዘፈን ያዘኝ። ሲያልቅ ጋዜጠኛው የዘፋኙን ስም ሳይጠራ ዜና ጀመረ። ወራት ሙሉ ዜማውን እያንጎራጎርኩ ዞርኩ። በመጨረሻ ክራር የሚጫወት ጎረቤታችን ሰማኝና «ካሳ ተሰማ እኮ ነው!» አለኝ። የዜማ ቅኝቶቹን፣ ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ በጆሮዬ የለየሁትም እዚያችው ሬዲዮ ሥር ቁጭ ብዬ ነው።

ወደ አዲሷ ልመለስ። ስፒከሯ ከመዳፌ ያንሳል፤ ቤዝ አትጠብቁ። የዘንድሮ ዘፈኖች ቀጥነው ይወጣሉ። ማሲንቆ፣ ክራርና የሰው ድምፅ ግን ልብ ያርሳሉ። የአስናቀች ወርቁ ክራር ሲመጣ እያንዳንዱ ጅማት ለብቻው ይሰማል። እኔ ለዚህ ብቻ ደግሜ እገዛታለሁ።

ክረምቱን መብረቅ በበረቀ ቁጥር አጭር ሞገዱ ይንጫጫ ነበር፤ ኤፍ ኤሙ ግን ንክች አላለም። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ መስኮት ጋ አስጠጓት። ወደ ዘጌ በጀልባ ስንሄድም ይዣት ነበር። ጣና ላይ ሞገዱን የሚጋርድ ነገር የለም፤ ባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9 ወደቡ እስክንደርስ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ሶላሩ ለስም ያህል ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውላ ማታ አንድ ሰዓት እንኳ በቅጡ አትዘልቅም። የምሞላት በስልክ ቻርጀር ነው። በስድስተኛው ወር ባትሪዋ አበጠ። ደግነቱ የምትጎርሰው የድሮዎቹን የኖኪያ ስልኮች ባትሪ ስለሆነ ስልክ ጠጋኝ ጋ ሄጄ ወዲያው ቀየርኩ። ድምፅ መጨመሪያዋም አሁን አሁን ሲያዞሯት ትንኮሻኮሻለች።

በጣም ያስቸገረኝ ጣቢያ የሚያሳየው መርፌ ነው። 96.9ን ለመያዝ 98 አካባቢ መሄድ አለበት። ቢቸግረኝ ቦታው ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደረግኩ።

ባለፈው ሳምንት ከእኔ ነጥብ ራቅ ብሎ ሌላ ነጥብ አየሁ። ሰማያዊ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ናት ያደረገችው። ማንም ቤት በሌለበት መርፌውን እዚያ ወስጄ ከፈትኩት። ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ልጅ እየዘፈነ ነበር። ቁጭ ብዬ እስኪያልቅ ሰማሁት። ስሙን ሳይናገሩ ማስታወቂያ ገባ።