የፀሐይ ነጠብጣብ፦ በነጭ ወረቀት ወይስ በስልክ?

አራት ኪሎ ካለው ሰገነታችን ላይ የፀሐይን ነጠብጣብ፣ ማለትም ገጿ ላይ የሚታዩትን ጥቁር ቦታዎች፣ ለማየት ሁለቱንም መንገድ ሞክሬያለሁ። አንደኛው ባይኖኩላርን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስሮ፣ አንዱን መስታወት ከድኖ፣ የፀሐይን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ መጣል ነው። ሁለተኛው በ2010 እ.ኤ.አ. የመጠቀው የናሳ የፀሐይ ሳተላይት የሚያነሳውን ምስል በስልክ መመልከት።

ወጪ፦ ባይኖኩላር ላለው ወረቀቱ ምንም አያስወጣም። ስልኩ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ያው እንደምታውቁት ነው።

ምቾት፦ ወረቀቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደስ ይላል። ቀትር ላይ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያው የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ያርገበግበዋል። በሐምሌና በነሐሴማ ባይሞከር ይሻላል፤ ሳተላይቱ ደመና አያግደውም።

አደጋ፦ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በባይኖኩላሩ አሻግሮ ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ግርዶሽ የተረፈውን መነጽር አድርጎ በባይኖኩላር ማየትም ያው ነው። የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ አንዴ ልይ» ሲለኝ የማሳየው ወረቀቱን ብቻ ነው፤ እጄንም ከባይኖኩላሩ አላነሳም።

የሚታየው፦ ወረቀቱ ላይ የነጠብጣቡ ጥቁር እምብርትና ግራጫ ጠርዙ ይለያል። በእርሳስ ምልክት ካደረጉበት፣ በማግስቱ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል፤ ፀሐይ ከምድር ስትታይ በ27 ቀን ገደማ አንዴ ትዞራለችና። የፀሐይ ፍንዳታ፣ ማለትም ከፀሐይ በድንገት የሚወጣ ኃይለኛ ጨረር፣ ግን በወረቀት የሚታየው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በሳተላይቱ የአልትራቫዮሌት ምስል ቦግ ሲል ይታያል።

ከልጆች ጋር ለሚመለከትና ንድፍ ለሚወድ ወረቀቱ፤ ኤክስ ደረጃ (ከሁሉም ኃይለኛ የሆነውን) ፍንዳታ ለሚጠብቅ፣ ክረምቱን ሁሉ ለሚከታተል ስልኩ።